በውርጭ ክንፍ የሚያወጡ

አዳማ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጧት ከባቱ የገባ ዓሣ፦ ቆሮሶ 140 ኪሎ፣ አምባዛ 35 ኪሎ። የሶደሬው ሆቴል ድርሻውን ወስዷል። ገና እየደረሰ ስለሆነ በጾሙ ዓሣ የሚበላው ሁሉ በራችን ላይ ነው። ከረፋዱ በኋላ የቀረኝ የአምባዛ ጭንቅላት ብቻ ነበር፤ እሱንም ድመቶቹ በዓይናቸው ጨርሰውታል።

ውድ ወንድሜ ደሊል፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ የዕለት ውሎዬን በምይዝበት ደብተር ላይ ነው፤ ስጨርስ ገንጥዬ ለሮቤው አውቶቡስ ሾፌር ለመሳይ እሰጠዋለሁ። ለምን አልደወልሽም ትለኝ ይሆናል። አንተ ዘንድ ኔትዎርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ተወጥቶ ነው። ደግሞም ታውቀኛለህ፤ ስልክ ሳነሳ አፌ የሚቀናው ዋጋ መጠየቅ ነው። ለዚህ ወሬ የሱቅ ድምፄ አይሆንም።

ከአንተ ዘንድ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ሆኛለሁ። ቢላዋ ይዤ ቅርፊት ስፍቅ እጄ ዓሣው ላይ ነው፣ የማየው ግን ያንን ውኃ ነው። ትናንት አንዲት ደንበኛ ደጋግማ ጠርታኝ አልሰማሁም አሉ። እኔ ሳፊያ፣ የሚዛን ድምፅ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ሴት። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ እውነቱን ልንገርህ። ዲንሾ ስደርስ «መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ ልይህ ብዬ መጣሁ» አልኩህ። ላይህ ብቻ አልነበረም የመጣሁት። ልወስድህ ነበር።

ነገሩን ያመጣው በመሳይ አፍ የላክኸው መልእክት ነው። መሳይ ከአውቶቡሱ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሱቅ መጣና እማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ፊቷ ቆሞ ቃል በቃል አደረሰው። ገብስማ አውራ ዶሮ ፈልጉልኝ፣ ሌላ ቀለም እንዳይሆን። ሥጋውን እናንተ ብሉት። የአንገቱን ቆዳ ግን ከነላባው ገፍፋችሁ፣ በጨው አድርቃችሁ ላኩልኝ፤ ቀጭን ጥቁር ክርም ጨምሩበት። መሳይ ይህን ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እማ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓሣ ሊገዙ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ሙሉዬም እዚያው ነበሩ። እሳቸው አማተቡ፣ እማ ቢስሚላህ አለች። በሃይማኖት የተለያዩት ሁለቱ ጎረቤታሞች በፍርሃት አንድ ሆኑ።

«ቀለም መርጦ ዶሮ የሚያዝ ማን እንደሆነ እንግዲህ እኔ አልነግራችሁም» አሉ እትዬ ሙሉዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ራሳቸው ነገሩን። «ልጁን የወንዝ ዳር ጠንቋይ ይዞታል።»

አትፍረድባቸው። በእኛ አገር ከጠንቋይ በቀር ገብስማ ይሁን፣ ወሰራ ይሁን ብሎ ለይቶ የሚያዝ ማን አለ? አንተ ደግሞ ከቤት ርቀህ ወንዝ ዳር ትኖራለህ፣ አታገባም፣ በስልክ ቃል ትቆጥባለህ። ላንጋኖ ሆቴል ዓሣ ስታደርስ ያገኘኸውን ሽማግሌ ፈረንጅ ለሳምንት ያህል ላድርሰው ብለህ ወደ ባሌ እንደሄድክ ነው የቀረኸው። ዓሣ የማጥመጃ ዘንግ ሰጠኝ፣ አስተማረኝ፣ አሁን እንግዶች ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ አልከን። እኛ የገባን መንጠቆና ትል ነው። ዕድሜ ልኬን ዓሣ ስሸጥ በላባ የሚያዝ ዓሣ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። (ላባውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ። እኔው ነኝ ገፍፌ ያደረቅኩት። ዶሮ ሻጩ ሳይቀር በጎሪጥ ነው ያየኝ።)

እማ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ክፍሏ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ሄደሽ አምጪው አለችኝ። አልመጣም ቢለኝስ አልኳት።

«በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ፣ ተመለስ ብላለች በይው።»

ይህ ቃል ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። አጎታችን ኡበይደላ ሸቀጥ ይዞ መተማ ሊኖር ሲነሳ አያታችን በዚሁ ቃል ነበር የመለሱት። ሻንጣውን እንደያዘ ከመኪናው ወረደ። ቃሉን አክብሮ ሱቁን ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። ሲስቅ ግን አይተነው አናውቅም። ልጅ ሆነን አጎታችን ጥርስ የለውም ብለን እንከራከር ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

እና እማ ያንን ቃል ሰጠችኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ ልበልህ? አዎ። እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ንጋት ላይ በመኪናችን ባቱ ወርዶ ከጀልባዎቹ የሚረከበው ጋሮምሳ ነው፣ ያ የዓሣ አጥማጁ ልጅ። እጁ ንጹሕ፣ ዓይኑ የበሰለ ነው፤ ያደረ ዓሣ ከሩቅ ይለያል። አሁን የሐዋሳ ነጋዴ ከእኔ የተሻለ እከፍልሃለሁ ብሎ ይጠራዋል። እማ ደግሞ «የልጄ ቦታ ላይ ሰው አታስቀምጪ» ብላ በቋሚነት እንዳልይዘው ከልክላኛለች። እሱም አንድ ቀን ሳጥን እያወረደ እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ ሳፊያ፣ ደሊል ይመጣል ካልሽኝ እሄዳለሁ። አይመጣም ካልሽኝ እቆያለሁ። መሃል ላይ ግን አታቁሚኝ።» ስለዚህ ወይ አንተን ይዤ ልመለስ፣ ወይ ቁርጡን ልወቅ ብዬ ተነሳሁ። የእማን ቃል በልቤ ይዤ የምሸነፍ አልመሰለኝም።

ከአሰላ ወዲያ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ወርቃማ ሆኖ ተኝቷል። በመስኮት እያየሁ የምልህን ነገር እደረድር ነበር። ዶዶላን አልፈን ብርዱ በአውቶቡሱ በር መግባት ሲጀምር የደረደርኩት ሁሉ ተበታተነ፣ እግሬን ማሞቅ ብቻ ቀረኝ።

አንተ ካፖርትህን እስከ ጆሮህ ለብሰህ ጠበቅኸኝ። ሳቅፍህ አንገትህን ያየሁት ክታብ አንጠልጥለህ እንደሆነ ብዬ ነው፤ ይቅር በለኝ። ምንም የለም። ቤት ያከራየችህ ኤቢሴ «አካም ጂርታ» ብላ ትኩስ ወተት ሰጠችኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ከዚያ ክስ ጀመረች።

«ወንድምሽ ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «ግን ዶሮዬን ይላጨዋል። በዚህ ብርድ አንገቱ ራቁቱን የሚዞር አውራ ዶሮ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዶሮዎቹም አያከብሩትም።»

ከዚያ ጠረጴዛህን አሳየኸኝ። ሚጢጢ መንጠቆ፣ ክር፣ በክሩ ላይ የተጠመጠመ ላባ። መዳፌ ላይ ስታስቀምጣት ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ላባዋ ዙሪያዋን ቆሞ እግርም ክንፍም ይመስላል። ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ምን እንደሚያስቀኝ አላወቅህም። ጠንቋዩን አግኝቼው ነበር።

በማግስቱ ወደ ወይብ ወንዝ ወረድን። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጽድ ዛፍ ሥር አንድ የደጋ አጋዘን ቆሞ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አየን፣ ከዚያም አሳለፈን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውኃውን በነጋዴ ዓይን አየሁት። ጥልቀት የለውም፣ ጥርት ያለ ነው፣ ጠጠሩ ከነቀለሙ ይታያል፤ ዓሣ ግን አይታይም። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ እዚህ የተለቀቀ ነው ስትለኝ፣ ቢኖርም የመኪና ኪራዩን አይሸፍንም አልኩህ። አንተ ሳቅክና «ፀሐይዋ ትምጣ» ብቻ አልከኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ።

አንተ ተቀምጠህ አይቼህ አላውቅም ነበር፣ ደሊል። ሱቅ ውስጥ ወንበር እንኳ አልነበረህም።

ፀሐይዋ ገደሉን ወርዳ መጀመሪያ ማዶ ያለውን ሣር ነካች፤ ነጩ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ውኃው ላይ ደረሰች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። እኔም ብርሃኑን እያየሁ ሳላስበው ማሰብ አቆምኩ። ሕልም እንዴት እንደሚጀምር ታውቃለህ? ማንም ጀመረ አይልህም። ውኃው ላይ አንድ ጭረት ያህል ነገር ቆሞ አየሁ። ብናኝ ነው አልኩ። ብናኙ ክንፉን ዘረጋ። ከጎኑ ሌላ፣ ከእሱ ጎን ሌላ። ከወንዙ ሆድ እየወጡ፣ ውኃው ላይ እንደ ትንንሽ ጀልባ እየተንሳፈፉ፣ ክንፋቸውን በፀሐይ እያደረቁ ይነሳሉ። አሸን አውቃለሁ፤ በክረምት ከዝናብ በኋላ መብራታችንን የሚከበውን። በውርጭ የሚወጣ፣ ድምፅ የሌለው፣ ማንንም የማያስቸግር አሸን ግን አላውቅም ነበር። ጢስ የመሰለ ነገር ከወንዙ ወደ ላይ ይነሳል፤ ሲጠጉት ሁሉም ክንፍ ነው። መሐረቤ ላይ ዐረፉ። አላራገፍኳቸውም። እጄን ሳንቀሳቅስ ይህን ያህል የቆየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ያኔ ባዶ ያልኩት ውኃ አፍ አወጣ። እዚህ አንድ ክብ፣ እዚያ አንድ ክብ። ዓሦቹ አፍንጫቸውን ብቅ እያደረጉ ክንፋሞቹን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይሻሙ። አንተ ተነሳህ። ክሩን በአየር ላይ ወደ ኋላ ወደ ፊት ስታወዛውዘው ፊትህን አየሁት። የማላውቀው ሰው ፊት ነበር፤ ወይም ከልጅነትህ ጀምሮ የማውቀው፣ ግን ጠፍቶብኝ የነበረ። የላባዋ ዝንብ ከእውነተኞቹ መሃል ዐረፈች። የቷ የአንተ እንደሆነች ለየሁ ስል ጠፋችብኝ። ከዚያ አንዱ አፍንጫ ወጣና ዋጣት።

ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጎኑ እንደ ንሐስ የሚያበራ ዓሣ ነበር። እጅህን አርጥበህ ያዝከው፣ አሳየኸኝ። ግማሽ ኪሎ ይሞላል አልኩ በልቤ። አንተ መዳፍህን ውኃ ውስጥ አድርገህ ከፈትከው። እጄ ሳላዘው ሊይዘው ወደ ውኃው ተዘረጋ፣ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ራሰ። አንተ እስኪያስልህ ሳቅክ። ስትስቅ ጥርስህን ቆጠርኩት ማለት ይቻላል። ኡበይደላ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ቀጥለህ ዘንጉን ለእኔ ሰጠኸኝ። ዓሣው ገና አፉን ሲያሳይ ጎተትኩ። ዝንቧ ባዶዋን በጆሮዬ አጠገብ አለፈች። ደግሜ ጎተትኩ፤ ያው። «ቆይ፣ ይዟት ይውረድ» አልከኝ። አልቻልኩም። ዓይኔ ያየውን እጄ ቀድሞ ይነጥቃል። በዚህ እጅ ነው ቤት የቆመው።

«ገበያ አይደለም እኮ ሳፊ» አልከኝ። «ማንም አይቀድምሽም።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅህም። ዘንጉን መለስኩልህ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፣ የመጣሁበትን ጀመርኩ። ባቱ ላይ ስምህን እየጠሩ የሚጠይቁህ ጀልባዎች እንዳሉ ነገርኩህ። እማ እንዳረጀች ነገርኩህ። ለፈረንጅ ዝንብ የሚያስር ሰው ሽማግሌ ሲሆን ማን ይጦረዋል አልኩህ። እየሰማኸኝ ክሩን ወረወርክ። ከዚያ ዓይንህን ከውኃው ሳትነቅል፦

«እኔ ባቱ ላይ ዓሣ አይቼ አላውቅም» አልከኝ። «ሳጥን ነው ያየሁት።»

«ሳጥኑ ነው ያሳደገህ።»

«አውቃለሁ» አልክ። «ለዚህ ነው ሳጥኑን የማልሰድበው።»

ክርክር ብትጀምር ኖሮ አሸንፍህ ነበር፤ በክርክር የረታኝ አከፋፋይ የለም። አንተ ግን አልገዛም አላልክ፣ ዋጋ አልጠራህ። በካፖርትህ ትከሻ ላይ ክንፋሞቹ ሰፍረው ነበር። አፌን ከፈትኩ። የእማ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ቢወጣ ዘንጉን አጣጥፈህ፣ ለኤቢሴ ኪራይዋን ሰጥተህ፣ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ትሳፈር ነበር። አውቅሃለሁ። አንተ የእናትህን ጡት የምትረግጥ ሰው አይደለህም።

«ደሊል» አልኩህ። «እማ አንድ ነገር በይው ብላኝ ነበር።»

ዞር አልክ። «ምን አለች?»

«ካፖርት አለው ወይ ብላለች።»

«አለኝ በያት» አልክና ወደ ውኃው ተመለስክ።

ፀሐይዋ ገደሉን ስታልፍ ክንፋሞቹ ጠፉ፤ እንደመጡ ሁሉ ማንም አበቃ ሳይል። ውኃው መልሶ ዓሣ የሌለው ውኃ ሆነ። እኔ ግን ከእንግዲህ ባዶ አልለውም።

አሁን ይህን የምነግርህ ልትጨነቅ አይደለም፤ መጨረሻውን ስማ። እቤት የደረስኩት እማ የዐስር ሰላቷን ሰግዳ ሙሰበሓዋን እንደያዘች ነው። ብቻዬን ስገባ አይታኝ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ቃሌን የት አደረግሽው?» አለች። ይዤው ተመለስኩ አልኳት። መዋሸት ይቀለኝ ነበር፤ አልመጣም አለ ብል በአንተ ላይ ይወድቅ ነበር፣ እኔ ነጻ። ግን ያልተነገረህን ቃል እምቢ አለ ብዬ በስምህ ላይ ልጽፍ አልቻልኩም። አላልኩትም፣ ከአፌ አልወጣ አለ አልኳት።

የሙሰበሓዋን ዶቃ መቁጠር ቀጠለች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እርግማኑ ሲዘገይብኝ የላባውን ነገር አስረዳኋት፤ ጠንቋይ የለም፣ ዓሣውን የሚያታልልባት ዝንብ ናት።

«አታልሎ ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል።»

«ከዚያ ይበላዋል?»

«አይ፤ ይለቀዋል።»

«ይሄማ ከጠንቋይ ይብሳል» አለች እናትህ።

ከዚያ የቀረውን ነገርኳት። እኔ የወሬ ሰው አይደለሁም፣ ታውቃለህ፤ ግን ፀሐይዋ እንዴት እንደወረደች፣ ከዚያ ከሚያደነዝዝ ውኃ ክንፍ ያለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ፣ አንተ እንዴት ቁጭ ብለህ እንደጠበቅኸው ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሙሰበሓዋ አልተንቀሳቀሰም። «በውርጭ?» ብላ ጠየቀችኝ። በውርጭ አልኳት። «ሱብሐነላህ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ምን እንዳሰበች አላወቅሁም።

ትናንት ጧት ግን በረዶ ሲራገፍ ሳትጠራ ሱቅ መጣች። ጋሮምሳ ሳጥን ሲያወርድ ቆማ አየችው። እናቱ ደህና መሆኗን ጠየቀችው፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት። ልጁ ደንግጦ ቆሞ ጠጣ። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ተጠግታ እጇን ዘረጋች፣ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው።

«ያንን ቃል መልሽልኝ» አለችኝ። «ልጄን በጡቴ አልያዝኩትም። ሲፈልግ ይምጣ፣ ሲፈልግ ይሂድ። ሲመጣ ግን ከዚያ ከሚለቀው ዓሣ አንዱን ሳይለቅ ያምጣልኝ።»

መለስኩላት፣ ደሊል። ስለዚህ ይህን ስታነብ ማንም አልያዘህም። የጻፍኩልህም ለዚህ ነው፤ ቃሉ ተነስቶ እንደነበር ከመሳይ ወይም ከእትዬ ሙሉዬ በኩል ብትሰማ፣ መነሳቱን ብቻ ሰምተህ መመለሱን ሳትሰማ እንዳትቀር።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ። አንዳንዴ ፀሐይ በሱቁ በር ገብታ በበረዶው ላይ ስትወድቅ ቆም ብዬ አያለሁ፤ ከበረዶው ምንም እንደማይወጣ አውቃለሁ፣ ግን አያለሁ። ሰውነትህን ጠብቅ። አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ።

የምትወድህ እኅትህ
ሳፊያ

ነገ፦ መኪናው ከባቱ ሲመለስ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ መሄድ። ለጋሮምሳ የመኪናው ቁልፍ ይቀረጽለት፤ የደሊል ቁልፍ እንዳለ ይቀመጥ።